ዘጠኝ ሰዓት ላይ አልሞትም

መስከረም 12

ለምወድሽና ለማከብርሽ አክስቴ፣

ሰላምታዬ ካለሁበት ሩቅ አገር ተነሥቶ እስከ ሱቅሽ ደጃፍ ይድረስ። እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽስ፣ ዓይንሽስ? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ምንም አልሆንኩም፤ ፈጣሪ ይመስገን። ጎረቤትሽን ልብስ ሰፊዋን ሰላም በይልኝ።

አክስቴ፣ ሥራ ቀየርኩ። መጋዘን ውስጥ ካርቶን መሸከሙ ቀረ። አሁን የምሠራው የሬዲዮ ድራማ የሚጻፍበት ቤት ነው። ከአንድ ልብስ ማጠቢያ ቤት በላይ ያለ ክፍል ሲሆን፣ ከታች ባሉት ማሽኖች ምክንያት ወለሉ ቀኑን ሙሉ ይንቀጠቀጣል፤ እርሳስ ጠረጴዛ ላይ አይረጋም። በየቋንቋው ድራማ እየተጻፈ ወደየአገሩ ይላካል። የኛን ቋንቋ የያዝኩት እኔ ነኝ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ያንቺው ሬዲዮ ላይ ይመጣል።

አለቃችንን «ቀመር» እንለዋለን፤ እሱ በሌለበት ነው ታዲያ። ለሱ ድርሰት ማለት ሒሳብ ነው። ጠረጴዛው ላይ ሦስት የብስኩት ቆርቆሮዎች አሉ። ከመጀመሪያው ሙያ ይወጣል፣ ከሁለተኛው ቁስል፣ ከሦስተኛው ዓመል። ዓይንሽን ጨፍነሽ ከየቆርቆሮው አንዳንድ ብጣሽ ወረቀት ካነሣሽ ሰው ፈጠርሽ ማለት ነው። ትናንት የወጣልኝ «ዳኛ፣ በልጅነቱ ጉድጓድ የገባ፣ እርግብ የሚያረባ» ነበር። ከጎኔ ለሚቀመጠው ባልደረባዬ ደግሞ «የጥርስ ሐኪም፣ መንታ ወንድሙ የጠፋበት፣ የሰው አፍ የሚፈራ» ደረሰው። እስካሁን አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ግድግዳው ላይ ትልቅ የካርቶን ሰዓት ተሰቅሏል፤ ታሪኩ ሁሉ የሚሄደው በሱ ነው። አንድ ሰዓት ላይ ጀግናው ከቤቱ ይወጣል፣ ሦስት ሰዓት ላይ ጥበበኛ ሽማግሌ ያገኛል፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። እኔም ሳላርፍ ሴራ እየተማርኩ ነው።

ለመጀመሪያው ድራማዬ ከቆርቆሮው ምን ቢወጣልኝ ጥሩ ነው? «ቁልፍ ቀራጭ»! አሮጊት አደረግኳት። አንድ ሰው ድራማ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ስለሱ መቶ ጥያቄ መመለስ ግዴታ ነው። እኔ የማውቃት ቁልፍ ቀራጭ አንቺን ብቻ ስለሆነ ጥያቄዎቹን ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። ስደውልልሽ አላነሣ ብለሻል፣ ቢያንስ ጻፊልኝ።

የወንድምሽ ልጅ
ጥያቄ

---

ጥቅምት 3

ለልጄ ለጥያቄ፣

ሰላምታህ ደርሶኛል፤ ሱቄ ደጃፍ ቁሞ አልቀረም፣ ገብቶ ተቀምጧል። አንተንም ፈጣሪ እጅህን ከቁስል፣ እግርህን ከእንቅፋት ይጠብቅልኝ። በልጅነትህ አፍህ ከመጠየቅ አያርፍም ነበርና ስምህ ጥያቄ ሆኖ ቀረ። አሁን ደግሞ በፖስታ ቤት በኩል መቶ ሆነህ መጣህ።

ደብዳቤህን ልብስ ሰፊዋ ጋ ቁጭ ብለን አነበብነው። «ሴራ እየተማርኩ ነው» የምትለው ላይ ስንደርስ እሷ መቀሷን አስቀመጠች፣ እኔ በሩን ገፋ አደረግኩ። አንተ ልጅ፣ በሰው አገር ምን ውስጥ ነው የገባኸው? ሴራ እዚህም ሞልቶ ተርፏል፤ ያውም ያለ አስተማሪ። አለቃህ ስሙን የደበቀ፣ ግድግዳው ላይ ሰዓት ሰቅሎ በሰዓቱ ሰው የሚያስወጣና የሚያስገባ። ልብስ ሰፊዋ ወረቀቱን እናቃጥለው አለች። እኔ እምቢ አልኩ። ሴራህ የፈለገውን ይሁን፣ ጠይቆኝ መልስ የከለከልኩት ልጅ ግን የለም።

የምትወደው ቀለም ላልከው፣ የአዲስ ናስ ቀለም። ኪስዋ ውስጥ ምን አለ? የሞረድ ብናኝ፣ ሌላ ምን ይኖራል። ቁስሏ? የቱን ልንገርህ፤ ባለፈው አውራ ጣቴን ቁልፍ የማስርበት ሞርሳ ነክሶኛል። ከሕይወቷ የጎደለው ነገር? ደቃቅ ጥርስ ያለው ደህና ሞረድ። እሱን ላክልኝ። ትልቁ ፍርሃቷ የሚለውን ዘልዬዋለሁ። የቀረውን ቦታ እስኪያልቅብኝ ድረስ በጀርባው ሞልቼልሃለሁ።

ስለዚያ የካርቶን ሰዓት ግን አንድ ነገር ልበልህ። ሱቅ ውስጥ አንዳንዴ «ሁሉን በር የሚከፍት ቁልፍ ቅረጪልኝ» የሚል ሰው ይመጣል። አያትህ እንዲህ ያለውን ከደጅ ነበር የሚመልሱት። ባለቤት የሆነ ሰው የገዛ በሩን ቁልፍ ይዞ ይመጣል። ሁሉን በር የሚከፍት የሚፈልገው ሌባ ብቻ ነው። አለቃህን አላውቀውም፣ ግን እጁን እይ።

ስልክ አላነሣሽም አትበለኝ። መስመሩ ይንጫጫል፣ እኔንም ብርድ መትቶኝ ድምፄ ሻክሯል። ደግሞም በስልክ የተባለ ይካዳል፤ ጻፍ።

አክስትህ

---

ኅዳር 20

ለውድ አክስቴ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኝ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ ጤናሽ እንደ ቁጣሽ የበረታ ይሁን። ብርዱ ለቀቀሽ?

አይዞሽ፣ ማንንም ልንገለብጥ አይደለም። በድርሰት ቋንቋ ሴራ ማለት የታሪኩ አካሄድ ነው፤ ምን ከምን በኋላ እንደሚመጣ። ደብዳቤሽን ለባልደረባዬ ሳነብለት ከወንበሩ ወደቀ። የጥርስ ሐኪሙ ከደረሰው ጀምሮ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው።

መልሶችሽን ቀመር አንብቦ «ይህችን ከየት አመጣሃት?» አለኝ። ከቆርቆሮው አልኩት። ድራማው ታኅሣሥ ውስጥ ይጀምራል። አንድ ወጣት አባቱ ቆልፎት የሞተውን ቤት መክፈት ፈልጎ ይመጣል፤ ቁልፉን ልትቀርጽለት የምትችለው አሮጊቷ ብቻ ናት። ቆርቆሮዎቹ አስገድደውኝ ትንሽ አነከስኳት፣ ትንሽ ሳልም ጨመርኩባት። እንዳትቀየሚኝ። ተጨማሪ ነገር ላኪልኝ፤ ስትቆጪ ምን ትያለሽ፣ ደንበኛ ሲያስቸግርሽ ምን ታደርጊያለሽ፣ ሁሉንም። ሞረዱን እየፈለግኩልሽ ነው።

ጥያቄ

---

ጥር 5

ለልጄ፣

እንደምን ሰንብተሃል። እኔ ደህና ነኝ፤ የምታመመው በሬዲዮ ብቻ ነው።

እሑድ እሑድ ሱቆቹ ሁሉ ሬዲዮ ከፍተው ይጠብቁኛል። ጫማ ጠጋኙ፣ ፀጉር ቆራጩ፣ ፎቶ አንሺው። ያቺ ሴትዮ አፏን ስትከፍት ሁሉም ዞሮ እኔን ያያል። ዓርብ ዕለት አንዷ መጥታ «እግርሽ እንዴት ነው?» አለችኝ። የትኛው እግሬ? ሁለቱም ደህና ናቸው። እሷ ግን «በርቺ፣ ሐኪም ጋ ሂጂ» ብላኝ ሄደች። ለማይታመም እግር አዘኔታ መቀበል እንዴት እንደሚከብድ አንተ አታውቀውም። ከሰው ፊት ትንሽ ማነከስ ጀምሬያለሁ፤ ይሉኝታ ነው።

ደንበኛን የምትቆጣበት ቦታ ላይ ግን ደስ ብሎኛል። «ጓጉንቸሩን በድንጋይ ከመታህ በኋላ ነው የምታመጣልኝ?» ስትል እኔው ነኝ፤ ሱቁ በሙሉ አጨበጨበ። የምትጫወተው ልጅ ድምፅዋ ጥርት ያለ ነው። ሰላም በልልኝ፣ ጉሮሮዋን ትጠብቅ፣ ቀዝቃዛ ነገር አትጠጣ በላት።

እኔና ልብስ ሰፊዋም ያንተን ዘዴ በሦስት የቁልፍ ቆርቆሮ ሞከርነው። የወጣልን ሰው እንዲህ ይላል፤ «ድራማ ጸሐፊ፣ አክስቱ ያሳደገችው፣ ሞረድ እልካለሁ ብሎ የማይልክ።» እርግጥ ዓይኔን አልጨፈንኩም። አየህ ልጄ፣ ልብ ወለድ የሚባለው ልብ ስለወለደው ነው። ቆርቆሮ የወለደውን ግን ምን እንደምትሉት አላውቅም።

ሞረዱ ቢቀርም ግድ የለም። ይልቅ ሻሽ ላክልኝ፤ አንገት የሚሸፍን፣ ሰፋ ያለ።

አክስትህ

---

ጥር 28

ለክብርት አክስቴ፣

እርስዎ እንደምን ከርመዋል? ጤናዎ፣ ሥራዎ፣ ጎረቤቶችዎ እንደምን ናቸው? ለደብዳቤዎ መልስ በማዘግየቴ ታላቅ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ድራማው እጅግ ተወድዷል። ከሚመጡት የአድማጭ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ እርስዎ፣ ማለቴ ስለ አሮጊቷ ናቸው። ነገር ግን አንድ ጉዳይ ማሳወቅ ግድ ሆኖብኛል። በሰዓቱ ደንብ መሠረት ጥበበኛው ሽማግሌ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይሞታል። ሁልጊዜ ነው። ጀግናው ብቻውን ቆሞ ራሱን የሚያገኘው ከዚያ በኋላ ነው ይላል አለቃዬ። እኔም በበኩሌ ተቃውሜ ነበር፤ ሆኖም ሕጉ ለሁሉም እኩል ነው።

ሞትዎ በጣም የሚያምር ነው። አልጋ ላይ ሆነው ቁልፉን ለወጣቱ ይሰጡታል፣ አንድ የጥበብ ቃል ይናገራሉ፣ ያርፋሉ። ሙዚቃም አለው። የሚተላለፈው በየካቲት መጨረሻ እሑድ ነው። የመቶው ጥያቄ የመጨረሻው ሳይመለስ ቀርቶ ነበርና እባክዎ ይላኩልኝ፤ የመጨረሻ ቃልዎ ምን ቢሆን ይመርጣሉ?

አክባሪዎ
የወንድምዎ ልጅ

---

የካቲት 9

ለአንቱ ለተከበሩት የወንድሜ ልጅ፣

የምትጽፍልኝ ልብስ ሰፊዋ ናት፤ እኔ እጄን ሥራ ይዞታል።

አንተ በዕድሜህ እርስዎ ያልከኝ ሁለት ጊዜ ነው። አንዴ የፎቶ አንሺውን መስኮት በኳስ ሰብረህ፣ አንዴ ሳትነግረኝ የአውሮፕላን ትኬት ቆርጠህ። ስለዚህ የደብዳቤህን የመጀመሪያ መስመር እንዳየሁ «ይሄ ልጅ ምን አድርጎ ነው?» አልኩ። ገድለኸኝ ኖሯል።

አልሞትም። አለቃህን እንዲህ በለው፤ ሴትዮዋ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሥራ አለባት፣ አትሞትም። ያ ወጣትህ እንዲያድግ ለምን እኔ እሞታለሁ? እኔ በሕይወት እያለሁ ማደግ ካቃተው፣ ከሞትኩማ ማን ሊቆጣው ነው? አንተን ያሳደግኩህ ቆሜ ነው፤ ሞቼ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ኳስ ትጫወት ነበር። ሰው መሞት አለበት ከተባለ ጀግናውን ግደሉት። ወጣት ነው፣ ይችለዋል። ካልሆነም ያ እርግብ የሚያረባው ዳኛ አለ፤ ማንም አይጠይቅም።

ደግሞ ነገሩን ቀላል አታድርገው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በሬዲዮ ታሟርትብኛለህ? ወሬው ቀድሞህ ደርሷል፤ ከአድማጮቹ አንዱ የሽማግሌው ነገር ሁልጊዜ በሞት ነው የሚያልቀው ብሎ ለሰፈሩ አስረድቷል። ለጥገና የተወልኝን ጓጉንቸር መልሶ የወሰደ ሰው አለ። «አንቺ አንድ ነገር ብትሆኚ ለማን አቤት እላለሁ?» አለኝ። ፀጉር ቆራጩ ባየኝ ቁጥር ሬዲዮውን ይቀንሳል። እኔ ግን ጠዋት እከፍታለሁ፣ ማታ እዘጋለሁ። የምዘጋው ደግሞ በገዛ ቁልፌ ነው።

የመጨረሻ ቃሌ ምን እንደሆነ ጠይቀሃል። የመጨረሻ ቃሌ አልሞትም የሚል ነው። ሙዚቃውንም ለሌላ አድርጉት።

አክስትህ

*ልጄ፣ ይህን ከፊርማዋ በታች ያለውን እሷ አላየችውም። ልብስ ሰፊዋ ነኝ። ያስጻፈችኝ እየተንሾካሾከች ነው። እጅዋን ሥራ አልያዘውም፤ ድምፅዋ ነው የሄደው። ብርድም አይደለም። አንገቷ ላይ ያበጠ ነገር አለ፤ ሻሹን የፈለገችው ለዚያ ነው። በየካቲት መጨረሻ እሑድ ሆስፒታል ተኝታ ትውላለች፣ ሰኞ ጠዋት ኦፕራሲዮን ትደረጋለች። እንዳልነግርህ አስምላኛለች፤ መንገር እንጂ መጻፍ አላለችኝም። የሴቶቹ ክፍል ውስጥ ሬዲዮ አለ። እሷ የምትሰማው ያንተን ነው። እንግዲህ አንተ ታውቃለህ።*

---

የካቲት 17

አክስቴ፣

አንቺ ነው የምልሽ፤ ከዚህ በኋላም ሌላ አልልሽም። ፈጣሪ ካንቺ ጋር ይሁን። ዛሬ ሰላምታዬ አጭር ነው፣ ልቤ ቸኩሏል።

ያቺ ሴትዮ አትሞትም።

ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ ቀመር ጋ ገባሁ። ቆርቆሮዎቹን እያጸዳ ነበር። አሮጊቷ አትሞትም አልኩት። ሳቀብኝ፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰው ካልሞተ አድማጭ አያለቅስም፣ ያላለቀሰ አድማጭ ደግሞ በሚቀጥለው እሑድ አይመለስም እያለ አስረዳኝ። በጣቱ ሰዓቱን እያሳየ ረጅም ጊዜ አወራ። ወለሉ ይንቀጠቀጣል፣ ሰዓቱም አብሮ ይንቀጠቀጣል። ነገሩ ሁሉ እንደዚያ ካርቶን ቀሎ ታየኝ።

«የምታዳምጠውን አውቃታለሁ፤ አትሞትም» አልኩት።

«ስለ የትኛዋ ነው የምታወራው?» አለኝ።

ወንበር ላይ ወጥቼ የሰዓቱን ጠቋሚ ዘንግ ነቀልኩና ኪሴ ከተትኩት። ልጅነት ነው፣ አውቃለሁ። ባልደረባዬ ከጠረጴዛው ተነሥቶ የጥርስ ሐኪሙን ወረቀት ቀደደው፤ እሱ ደግሞ ምን ያህል ጊዜ ሲያስብበት እንደነበር እንጃ። ከዚያ ቁጭ ብዬ ክፍሉን ጻፍኩት። ቆርቆሮ አልነካሁም፣ ያንቺን ደብዳቤዎች ብቻ ዘርግቼ ነበር። ተዋናይዋ እንደማትሞት ስነግራት መቅጃው ክፍል ውስጥ ማነከሷን ተወች። ማንም አላዘዛትም።

ቀመር ሌላ የተቀዳ ነገር ስለሌለው ያንኑ ያስተላልፋል። ከዚያ በኋላ ግን ሌላ ወንበር እንድፈልግ ነግሮኛል። ይፈልገው እሱ። እኔ ሻንጣዬን አውርጃለሁ።

ሞረዱንም ሻሹንም ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። ሻሹን ሲያስፈልግሽ ብቻ አድርጊው፤ እንዳያስፈልግሽም እመኛለሁ። መስመሩ ስለሚንጫጫ አልደውልልሽም። ስሄድ የወሰድኩት የቤቱ ቁልፍ እስካሁን እኔ ጋ አለ።

ልጅሽ

---

መጋቢት 14

ለልጄ ለጥያቄ፣

ይህንን በገዛ እጄ ነው የምጽፈው፤ ፊደሌ ከተጣመመ ትራስ ላይ ሆኜ ስለሆነ ነው። ሰላምታዬ ይድረስህ፣ ካለህበትም አንሥቶ ያምጣህ።

ደብዳቤህ የደረሰኝ ከሆስፒታል ከወጣሁ በኋላ ነው። ስለዚህ ያን እሑድ የማውቀው ነገር አልነበረም። ልብስ ሰፊዋ ከፊርማዬ በታች እንደጻፈች ግን አውቄ ነበር። «አክስትህ» ብዬ ጨርሼ እሷ ስትጽፍ ቆየች፤ አክስትህ ማለት ይህን ያህል አይረዝምም። አልተጣላኋትም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ የክፍሉ ሴቶች ሁሉ አልጋቸው ላይ ቀና ቀና አሉ። ማን እንደሆንኩ አልነገርኳቸውም። አስታማሚዋ ነርስ የሙቀት መለኪያዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች። በሬዲዮው ያቺ እኔን የምትጫወተው ልጅ መሳል ጀመረች። ወጣቱ ገና ሳትሞት እያለቀሰ ቁልፉን ስጪኝ ይላታል። ከፊት ለፊቴ የተኛችው ሴት «ወይኔ፣ ልትሞት ነው» ብላ ፊቷን በብርድ ልብስ ሸፈነች። እኔ ግን አልሸፈንኩም። የሚመጣውን በዓይኔ ላየው ፈለግኩ።

ያን ጊዜ ሳሏን አቆመች። አልጋው ሲንቀጫቀጭ ተሰማ፤ ተነሣች። «ቁልፉን አልሰጥህም» አለችው። «እዚህ ሞርሳው አጠገብ ቁጭ በልና መቅረጽ ተማር። እኔ ገና የምከፍተው ብዙ በር አለብኝ።»

ክፍሉ ሳቀ። ኦፕራሲዮን የተደረጉት ስፌታቸውን ይዘው፣ ያልተደረጉት ለነገ ሳያስቀምጡ ሳቁ። ነርሷ የማንን ሙቀት እንደለካች ረስታ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። እኔ አለቀስኩ። ለአለቃህ ንገረው፤ ሰው ሳይሞትም ይለቀሳል።

ሰኞ ጠዋት ሲወስዱኝ ሐኪሙ ፈርተሻል ወይ አለኝ። የዘለልኩትን ያንተን ጥያቄ አስታወሰኝ። ትልቁ ፍርሃቷ ምንድን ነው ብለህ ነበር። አንተን ሳላይ መሄድ ነበር። ያኔ ያልጻፍኩት ልትመጣ የምትችለው አዝነህልኝ ይሆናል ብዬ ነው፤ እኔ ደግሞ በአዘኔታ የሚመጣ ሰው አልፈልግም። አሁን ግን ሰኞም አለፈች፣ እኔም አለሁ። እንግዲህ በገዛ ፈቃድህ ና።

እብጠቱን አውጥተውታል፤ ክፉ አይደለም ብለውኛል። ለጊዜው እንዳልናገር ታዝዣለሁ። ድምፄ ይመለሳል ይላሉ፣ እንደ ድሮው ይሁን አይሁን ግን አያውቁም። ልብስ ሰፊዋ ተመችቷታል፤ እሷ ብቻ ታወራለች፣ እኔ በእጄ እመልሳለሁ። ጓጉንቸሩን የወሰደው ሰውም መልሶ አምጥቷል። ሞረዱ ጥሩ ነው፣ ጥርሱ ደቃቅ ነው። ሻሹን ግን አላደረግኩትም፤ ጠባሳዬን ማንም ይየው፣ እኔ አላፍርበትም።

ስለ ቤቱ ቁልፍ ጽፈሃል። አንተ ከሄድክ ወዲህ የበሩን ቁልፍ ሁለት ጊዜ ቀይሬዋለሁ፤ የያዝከው አይከፍትም። አዲሱን ቀርጬ ልልክልህ እችል ነበር፣ አልልክም። ስትደርስ አንኳኳ። «ማነው?» የምልበት ድምፅ የለኝም፤ ተነሥቼ እከፍትልሃለሁ።

አክስትህ